አረንጓዴው የመጫወቻ ሊጥ

የሦስት ዓመቷ ልጄ ሲፈን መጀመሪያ ያስመለሳት ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ነው። ትውከቷ አረንጓዴ ነበር። ሐሞት መሰለኝ። የአዳማ ሙቀት የበረታበት ወር ስለነበር ሆዷ ተበላሽቶ ነው አልኩ።

ከሁለት ቀን በፊት የትልቋ ልጄ የሌሊሴ መምህርት፣ ለእጅ ሥራ የሚሆን ሊጥ ከቤት ሠርታችሁ ላኩ ብላ ነበር። ባለቤቴ ቶሎሳ ከሱቅ እንግዛው አለ። እኔ ግን የሱቁ ምን እንዳለበት አይታወቅም ብዬ በዱቄት፣ በጨው፣ በዘይትና በኬክ ቀለም ራሴ ሠራሁት። መምህርቷ አንድ ብርጭቆ ጨው ብላለች። በእኛ ሙቀት ሊጥ ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ስለማውቅ እንዳይበላሽ ሁለት አደረግሁት። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ሳቁብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ለመጫወቻም ዱቄት ትነፊያለሽ? ነገ ደግሞ ለአሻንጉሊቱ ውሃ ታፈያለሽ!"

"ልጆቹ ቢቀምሱትስ፣ አዴ?" አልኳቸው።

ጨው ሰው ይጎዳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ትውከቱ አልቆም አለ። ተቅማጥ ተጨመረበት። ያን ጊዜ የሠፈራችን እናት ሁሉ የምታውቀውን አደረግሁ። ጨውና ስኳር በውሃ በጠበጥኩ። ጨዉን በእጄ ነው የቆነጠርኩት። ሲፈን ከአባቷ በለመደችው ኦሮምኛ "ቢሻን፣ ቢሻን" እያለች ውሃ ለመነችኝ። ባዶ ውሃ ያስመልሳታል ብዬ ከለከልኳት። ብጥብጡን ሰጠኋት። ጠጣችው። ደግማ ለመነችኝ። ደግሜ ሰጠኋት።

ለቅሶዋ ቀጠነ። ገላዋ ጋለ። ስጠራት አታየኝም። ዐይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። እጅና እግሯ ተንዘፈዘፈ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። መርፌ ወግተው መንዘፍዘፉን አቆሙላት። ቶሎሳም ከሥራው ሮጦ መጣ። ወጣቷ ሐኪም በሲፈን ቀሚስ ላይ የደረቀውን ትውከት በጓንቷ ነካ አድርጋ አየችው።

"እናቷ፣ ይህ ሐሞት አይመስለኝም። ምን አረንጓዴ ነገር በላች?"

ገባኝ። ጠዋት ሊጡ ከሳህኑ ጎድሎ አይቼ፣ ለጓደኞችሽ አደልሽው ብዬ ሌሊሴን ተቆጥቻት ነበር። የዳቦ ሊጥ ሳቦካ እየቆነጠረ መቅመስ የሚወደው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቶሎሳ አጠገቤ ቆሟል። አፌ አልከፈት አለኝ።

"ልወቅስሽ አይደለም" አለች ሐኪሟ። "የማላውቀውን ግን ማከም አልችልም።"

"ሊጥ ነው" አልኩ። "ጨው ያለበት። እኔ ነኝ የሠራሁት። ከዚያም ጨውና ስኳር አጠጣኋት።"

ቶሎሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የላብራቶሪው ውጤት መጣ። "ሶዲየሟ በጣም ከፍ ብሏል። ሃይፐርናትሪሚያ እንለዋለን፤ የደሟ ጨው ከልክ አልፏል።"

"አሁን ውሃ ልስጣት?"

"አይሆንም። በአንድ ጊዜ ከወረደ አንጎሏ ያብጣል። በደም ሥር፣ ቀስ እያልን፣ በቀናት ነው የምናወርደው።"

"ትድናለች?"

"አላውቅም።"

ውሃ የከለከልኳት ልጅ አሁንም ከንፈሯ እንደደረቀ ተኝታለች። በየጥቂት ሰዓቱ ደም ይወስዱላታል። ቁጥሩን ይነግሩኛል። ትንሽ ወረደ። ባለበት ቆመ። እንደገና ተንዘፈዘፈች። ፈጣሪ ሆይ፣ እኔን ውሰደኝ አልኩ። ሌላ ጸሎት አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን ጣቴን ጨበጠች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዝግታ ነው፤ መጀመሪያ ዐይኗ እኔን መከተል ጀመረ፣ ቀጥሎ አባቷን ጠራች፣ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ቀኝ እግሯ እየከዳት ስለምትወድቅ ለወራት ወደ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስን፣ ሌሊሴም በግቢው ውስጥ እጇን ይዛ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለች ታራምዳት ነበር። ሌሊሴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቶሎሳ አንድ ቀን እራት ላይ፣ "እኔም ብሆን ጨው ምን ያደርጋል ብዬ አልጠረጥርም ነበር" አለኝ። ያን ዕለት ነው እንደገና ምግብ የጣመኝ።

አላውቅም ለማለት ያላፈረችውን ሐኪም፣ ደም ሲወስዱ እያባበሏት ያዜሙላትን ነርሶች ፈጣሪ ያክብርልኝ።

እናቶች፣ የመጫወቻ ሊጥ ከሠራችሁ ከትንንሾች አርቁት፤ ሲጫወቱበትም አጠገባቸው ሁኑ። ልጃችሁ ከበላው ጨው ያለበት ነገር አታጠጡ፣ ለማስመለስም አትሞክሩ፤ ሊጡን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ለተቅማጥም ቢሆን ጨው በእጅ አትቆንጥሩ፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ፓኬት በልኩ በጥብጡ። ሐኪም ምን ሰጠሻት ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ቢቆምም ተናገሩ። እኔ ዝም ያልኩት ለአፍታ ነው፤ ማንም አልወቀሰኝም፣ ሐኪሟም ረስታው ይሆናል። እኔ ግን ሲፈን በጠራችኝ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ጥዬ፣ እማዬ ብላ ሳትጨርስ ወዬ እላለሁ።