ገናማ ገና ነው

ባለፈው ጥቅምት ስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን ፓርክ ውስጥ እርጥብ የኦክ ዛፍ ቅጠል እየረገጥኩ ስሄድ እግሬን አንድ ነገር ጠለፈኝና ከመውደቅ ለጥቂት ተረፍኩ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ጫፉ የተቆለመመ ቅርንጫፍ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ይማጠነኛል፤ እጄ ግን እኔን ሳያማክር እንጨቱን ከታች ጨብጦ አንዲት የኦክ ፍሬ ለጋት። ፍሬዋ በሩጫ ታልፍ የነበረች ወጣት ጫማ ላይ አረፈች። ልጅቷ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቅላ ፈገግ አለችልኝ፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ሲያብድ በትሕትና ነው የሚታለፈው።

ትልቅ ፓርክ ነው። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ውሃው ላይ ይቀዝፋል፣ ሌላው ሙዚየም ደጃፍ ይሰለፋል፤ እነሱ ሆስት የሚሉት የቅጠል ወቅት ሲገባማ ከተማው በሙሉ ዛፍ ሲራቆት ለማየት ካሜራውን አንግቦ ይወጣል። እኔም እየረገፍኩ ነው፤ እስካሁን ግን ፎቶ ያነሳኝ የለም።

ያ ቆልማማ እንጨት መንጭቆ የወሰደኝ ወደ ልጅነቴ ጃንሜዳ ነው። በገና ከሰዓት ሜዳው በአቧራና በጩኸት ይሞላል፤ የሰፈር ልጆች ከየአጥሩ የቆረጥነውን ጠማማ ዱላ ይዘን፣ ከእንጨት ተጠርባ የተሠራችውን ሩር ተከትለን፣ እንደ ንብ መንጋ ከዳር ዳር እንተምማለን። የጨዋታው ግማሽ ግን በአፍ ነበር። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ የተሰደበው ችሎ ይስቃል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏላ። ለእኔ ከዐሥርቱ ትእዛዛት ሁሉ ይልቅ የተመቸኝ ሕግ ይሄ ነበር። ሩር መለጋት አልችልም፤ ስድብ ግን እችልበታለሁ።

ደምሴ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በአጥሩ ሽንቁር የምንገናኝ፣ አንድ ሸንኮራ ለሁለት የምንገምጥ። አንድ ገና አባቴ ጃንሜዳን ከረገጥኩ ዱላውን በጀርባዬ ላይ እንደሚሰብረው ምሎ ሳለ ሾልኬ ወጣሁ። ሩሯን ብዬ የሰነዘርኩት ዱላ የደምሴን ጉልበት አገኘው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ደምሴ አባቴን ያውቀዋል። ተሸክመን ቤቱ ስናስገባው፣ ከባሕር ዛፍ ላይ ወደቅሁ አለ። ዛፍ ላይ ምን ሰቀለህ ተብሎም በዚያ እግሩ ላይ የአባቱ አለንጋ ተጨመረበት። ወጌሻ ቢያሸውም ጉልበቱ ቀጥ ብሎ አልዳነም። እኔ በሽንቁሩ አሾልቄ ሳየው ሰነበትኩ፤ እውነቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ዕድሜ በየመንገዳችን አዙሮ አዙሮ ሁለታችንንም ስቶክሆልም ጣለን፤ እኔን ሁስቢ ሰፈር፣ እሱን ብሬዴንግ ሰፈር። እዚህ ሐኪሙም ሚኒስትሩም ዱ፣ ማለትም አንተ፣ ነው የሚባለው፣ አንቱታ የለም። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ሽበቴን አይቶ እርስዎ ይለኛል። በዚህ ሁሉ መሀል አንተ ብሎ የሚጠራኝ ደምሴ ብቻ ነበር፤ እንዲያውም ሙሉ ስሜ እሱ ዘንድ «አንተ ቀልማዳ» ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን እኛን ጡረተኞቹን ዩርጎርደን ይዞን ወጣ፤ ወቅቱ እንዲሁ ቅጠል የሚረግፍበት ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ቴርሞስ እያዟዟርን ሳለ ደምሴ በወርቃማው ቅጠል ላይ እያነከሰ መጣ። ምላሴን በላኝ።

«የደምሴ አካሄድ ለሀገሩ እንግዳ፣
አንድ እግሩ ስዊድን፣ አንድ እግሩ ጃንሜዳ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጥሩ ግጥም ነበር፤ የከፋውም እሱ ነው። ደምሴ ባለበት ቆመ። ፊቱን ሳይ ደነገጥኩ፤ ግን ቀልማዳ ሲደነግጥ ይብስበታልና፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እኮ ነው አልኩት። ጉልበቱን በእጁ ይዞ ረጋ ብሎ አየኝ።

«ገናማ ገና ነው» አለ። «እርስዎ ግን ይጫወቱ።»

ሌላ ሰው ቢሰማው እንዴት ያለ ጨዋ መልስ ይላል። እኔን ግን በዚያች በአንዲት ቃል ከአጥሩ ሽንቁር አውጥቶ ደጅ አቆመኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። በሳቁት ሰዎች ፊት ቆሜ፣ ያንን ጉልበት የሰበርኩት እኔ ነኝ ልል ነበር። ለገና እለዋለሁ አልኩ፤ ገና ሲመጣ ሆዴ ፈራና ለፋሲካ አሻገርኩት። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንዴት ነዎት፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት፤ እንደ ሁለት የኤምባሲ ሰዎች። በዚህ መሀል ደምሴ መርሳት ጀመረ፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ኋላም የቤቱን መንገድ፣ ከዚያ ሰው። አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ገብቷል።

ዱላውን ባገኘሁበት ቀን ሳላውል ሳላሳድር ይዤው ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ወደ እሱ ሄድኩ። ተንከባካቢዋ ምርኩዜ መስሏት በሩ ጥግ ልታቆምልኝ ፈለገች። ደምሴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ዱላውን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ጣቶቹ ቆልማማውን ጫፍ ፈልገው ዳበሱት። እኔም ከስድሳ ዓመት በላይ ያፈንኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ጃንሜዳውን፣ አባቴን፣ ጉልበቱን፣ ያቺን የተረገመች ግጥም። በጨዋነት እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እርስዎ ተሳስተዋል» አለኝ። «እኔ ከዛፍ ነው የወደቅሁት።»

የልጆቹን ስም ረስቷል። እኔን ረስቷል። ለእኔ ብሎ የዋሸውን ውሸት ግን አልረሳም፤ እኔ ቀልማዳው በማልችለው ታማኝነት ጠብቆ ይዞታል። ይቅር ይለኝ ዘንድ እንኳ መጀመሪያ ጥፋቴን ማመን ነበረበት።

ዱላውን እዚያው ጭኑ ላይ ትቼለት ወጣሁ። ቱነልባና ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ «እርስዎ ይቀመጡ፣ አባባ» ብላ ተነሳችልኝ። ተቀመጥኩ። አሁን ለሁሉም እርስዎ ነኝ፤ ለደምሴም ጭምር።