ጽፎ ሳይጨርስ የነቀልኩት ዲስክ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አሰላ ውስጥ ሠርግ የምቀርጽ ሰው ነኝ። ያጠፋሁት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ በውሸቴ የታረደውን በግ የበላሁትም እኔው ነኝ።

ኢተያ ላይ የጫልቱን ሠርግ ቀረጽኩ። «ሌላው ቢቀር የአባዬን ምርቃት አደራ!» ብላኝ ነበር። በማግስቱ እነሱ ቤት ቁርስ እየበላሁ ምስሉን ከካሜራው ካርድ ወደ ዲስኬ አዛወርኩ። መገልበጥ ነበረብኝ፤ ሲገለበጥ የመጀመሪያው በቦታው ይቀራል፣ ሲዛወር ግን ይሰረዛል። ደግሞም ኮምፒውተር «ጨረስኩ» ሲል ሁልጊዜ እውነቱን አይደለም። የቀረውን በጊዜያዊ ትውስታው ይዞ ቀስ እያለ ወደ ዲስኩ ይጽፋል፤ «አሁን ንቀል» እስኪል መጠበቅ ነው። አላውቅም ነበር? ለስንቱ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም? ግን የሚኒባሱ ረዳት «አሰላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ነቀልኩት።

አሰላ ገብቼ ማታ ስከፍተው ሁሉም አለ፤ የአባቷ የጋሽ ቱፋ ምርቃት ግን ስሙ ብቻ ተቀምጧል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከካርዱ ላይ ፈልጌ እንዳላወጣው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሠርግ ቀርጬበታለሁ። ምን አደረግኩ? «ኮምፒውተሩ እየጻፈ መብራት ሄደ» አልኳት። በእኛ አገር ይህን ማን ይጠራጠራል?

ጫልቱ ለቅሶዋን ስትጨርስ ሳቀች። «አባዬ አለ አይደል? ድጋሚ ይመርቀናላ!»

ከወራት በኋላ ለድጋሚው ምርቃት በግ ታርዶ ተሰበሰብን። ቬሎው በሆዷ ላይ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ፤ ሙሽራው ከሳቁ ብዛት መቆም አቃተው። ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው ከበፊቱ አስረዝመው መረቁ፣ ሆዷንም መረቁ። ቤቱ ሁሉ «ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!»፣ ይሁን ይሁን ይላል። እንዲያ ያለ ደስታ ቀርጬ አላውቅም። በመጨረሻ ጠሩኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«መብራቱ ደግ ሠራ» አሉ። «ያኔ ባይሄድ የልጅ ልጄን መች እመርቅ ነበር? አንተንም ዋቃ ያክብርህ፣ ስለኛ ተመልሰህ ደከምክ።»

እኔም አፌን ሞልቼ «አሜን» አልኩ። አላፈርኩም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህም ዓይነት ሌባ አለ?

ጋሽ ቱፋ፣ መብራቱ የትም አልሄደም፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ስለ ውሸቴ ይቅር ይበሉኝ። ያ ቀን ባልኖረ ብዬ ልጸጸት ስሞክር ግን ልቤ እምቢ ይለኛል። ይህንንም ከጥፋቴ ይቁጠሩት።