ማንም ከላይ ያልፈረመበት ወረቀት

እትዬ መቀስ ስሟን ያገኘችው ከሥራዋ ነው ይባላል። እኔ ግን ምላሷም ድርሻ አለው ባይ ነኝ። ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከጠረጴዛዋ ሥር የእንጨት መርገጫ አሠርታ ነበር። እሱ ላይ ስትወጣ ከሁላችንም ትረዝማለች፤ ሰው መልከፍ የሚቀናትም ያኔ ነው። «ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የዝሆን ኩምቢ?» ትላለች ስፌት የተጣመመባትን ልጅ። ልጅቷ ካለቀሰች ግን ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስፌቱን የምትፈታላት ራሷ ናት።

እኔ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ። ማሽኔ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ስለነበር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትቆርጥ አይቻታለሁ። ጨርቁን ደራርባ ታነጥፋለች፣ የወረቀት ልኩን ታስቀምጣለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ትቆርጣለች። በመጨረሻም ጠርዙ ላይ በመቀሷ ጫፍ ከምስር የማትበልጥ ቅድ ታደርጋለች። እኛ «ምልክት» እንላታለን። ሰፊዋ ከየት እንደምትጀምር የምታውቀው በእሷ ነው። ምልክት የሌለው ቁራጭ ሲመጣልን ግራ ይገባናል፤ ካለው ግን ሳናስብ መርፌውን እዚያው ላይ እንተክላለን።

በአዳራሹ አርባ ሴቶች ነበርን። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገች ከካቦው የቆርቆሮ ታርጋ ተቀብላ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ታርጋው አንድ ብቻ ነው። «ሜዳሊያው» እንለው ነበር። «ሜዳሊያው ማን ጋ ነው?» ስትል አንዷ፣ «አሸናፊዋ ገና አልተመለሰችም!» ትላለች ሌላዋ። ጥርስ አያስከድንም። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋልን የተማርነው ግን እዚያ ነው። ከመካከላችን ኩላሊቷን ያላመማት ጥቂት ናት።

ኪስ የምትሰፋ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ወልዳ በሦስተኛ ወሯ ሥራ ስለተመለሰች «እመጫቷ» አልናት፤ ልጇ ጥርስ አብቅሎም ስሙ አልለቀቃትም። ባሏ ግንበኛ ነበር፣ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ ተኝቷል። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ጡቷን በቀን ሁለት ጊዜ ማለብ ነበረባት፣ ለዚህም ከሽንት ቤት ሌላ ቦታ የላትም። አንድ ቀን ሜዳሊያው አንዷ ጋ ቆየና ወተቷ ልብሷን አልፎ የምትሰፋውን ነጭ ሸሚዝ አበላሸው። ካቦው ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ለአዳራሹ አሳየ። «ይሄንን ማን ይለብሰዋል?» አለ። አንዳንዶቻችን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

እትዬ መቀስ አልሳቀችም። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ «ማመልከቻ እንጻፍ» አለችን።

ማንም ደስ አላለውም። ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ምሳ ሰዓት የተጻፈ ማመልከቻ ነበር። ከላይ የፈረመችው ሴት በሳምንቱ ተባረረች፣ ከሥሯ የፈረሙት ግን ምንም አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ በኛ አዳራሽ ሁሉም ጀግና ነው፣ ሁለተኛ ለመሆን። «እኔ እፈርማለሁ፤ ብቻ አንድ ሰው ይቅደመኝ» የማትል አልነበረችም።

«እንግዲያውስ ከላይ የሚባል ነገር አይኖርም» አለች እትዬ መቀስ። ልክ በሚወጣበት ወፍራም ወረቀት ላይ የባልዲ ክዳን አስቀምጣ አሰመረችና ክብ አድርጋ ቆረጠችው። መሀሉ ላይ «ለአርባ ሰው አንድ ታርጋ ይቅር፤ ሰው በቸገረው ጊዜ ይውጣ» ብላ ጻፈች። ስማችንን ዙሪያውን እንድንጽፍ ነው። ክብ ነገር መጀመሪያ የለውም፤ ማን ማንን እንደቀደመ ማን ያውቃል? ብልሃቱ ልባችንን ሞላው። ወረቀቱ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከማሽን ማሽን ዞረ። በሁለት ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ስም ገባበት። የቀረችው የካቦው የአክስት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብላ ቃሏን ጠበቀች።

ካቦው በፊት ቆራጭ ነበር። መቀስ አያያዝ ያስተማረችው እትዬ መቀስ ናት። እኛ እንደ ታላቅ እህት «አንቺ» እንላታለን፤ እሱ ግን በአዳራሹ ውስጥ «እርስዎ» የሚለው እሷን ብቻ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያገኘው አልተቆጣም። አነበበው፣ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እትዬ መቀስ ክቡን ቆርጣ ስትጨርስ እጇ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ልማዱ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጎበታል። እሷ አላወቀችም፣ ከኛም ልብ ያለ የለም። ወረቀቱ መጀመሪያ የደረሰው እመጫቷ ጋ ነበር። እሷም እንደማንኛዋም ሰፊ ሳታስብ ስሟን ምልክቷ ላይ ጀመረች። ፊተኛ እንዳይታወቅ ብለን ያን ሁሉ ስንጠበብ፣ የገዛ ሙያችን አሳጣን።

ካቦው ከምልክቷ አጠገብ ያለውን ስም አነበበና እመጫቷን ጠራት። «ነገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ዓርብ የመጨረሻ ቀንሽ ነው» አላት። «ወረቀቱን የቆረጠችው እትዬ መቀስ ናት» ብትል ትድን ነበር። አላለችም። ወደ ማሽኗ ተመልሳ ኪሷን መስፋት ቀጠለች።

«እጄን ይቁረጠው!» አለች እትዬ መቀስ ነገሩን ስነግራት። ምሳዋን አልበላችም።

ምን ልታደርግ እንዳሰበች ከፊቷ አነበብኩ። «ጡረታሽ እኮ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አልኳት። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። ሆድ ይፍጀው ብለሽ ዝም በይ።»

«የእሷ ልጅስ በሆድ ይፍጀው ያድጋል?» አለችኝና ዞር አለች።

ዓርብ ጠዋት ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ከመርገጫዋ ወርዳ ካቦው ጠረጴዛ ጋ ሄደች። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ምልክቷ የኔ ናት» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእርስዎ እጅ ይጠፋኛል እንዴ? እርስዎን ላለመንካት ብዬ ነው እሷን የያዝኩት። ይመለሱና ሥራዎን ይሥሩ፤ እኔም አላየሁም።»

እሱ ለእሷ ያደላው ልጅቷን አሳልፎ ሰጥቶ መሆኑ የባሰ ያናደዳት ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ወረቀቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ! የጻፍኩትም እኔ፣ ያዞርኩትም እኔ!» አለች። አርባ ሰው የሰማውን ካቦው አላየሁም ሊል አይችልም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ በበሩ ወጣች። እመጫቷ ቀረች።

በኋላ ስለ ንቅናቄ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው «እንዴት ተደራጃችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። እውነቱን ለመናገር አልተደራጀንም፤ ሥራ ፈታን እንጂ። ቆራጭ ስለሌለ አምስት ሰዓት ላይ የተቆረጠው ጨርቅ አለቀ። ካቦው ራሱ መቀስ ይዞ መርገጫው ላይ ወጣ፤ እጁ ግን ረስቷል፣ የቆረጠው እጅጌ ግራና ቀኙ አልገጥም አለ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በሥራ ሰዓት ሳንጮህ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር። አንዷ ስለ ኩላሊቷ አወራች። ሌላዋ ሸሚዝ ልትጨርስ ስትል ልብሷ ላይ ያመለጣትን ቀን ተናገረች፤ በእኔ ብቻ የደረሰ ይመስለኝ የነበረ ነገር ነው። ከዚያ ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ብድግ ብላ ያለ ታርጋ ወጣች። ካቦው አፉን ከፈተ፣ ግን ሁለተኛዋ ተነሳች፣ ሦስተኛዋም። እስከ ምሳ ድረስ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ግማሾቻችን አልቸገረንም ነበር፤ ለመሄድ ብለን ነው የሄድነው።

ሰኞ ሸሚዙን በካውያ የሚተኩሱት ሴቶች አዳራሽ እንዲሁ አደረገ። ወሬ ክንፍ ስላለው በወሩ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሁለት ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። በአርባኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ አዳራሻችን ወረደ። ታርጋው ይቀራል፣ ለሚያጠቡ እናቶች መጋረጃ ያለው ክፍል ይሰጣል፣ ይህም በየአዳራሹ ተጽፎ ይለጠፋል አለ። አንድ ነገር ብቻ አይሆንም፤ ቆራጯ አትመለስም። «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አለ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ጎረቤቱን አየ። አንድ እጅ ወጣ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ብዙ። እኔም አወጣሁ። እመጫቷ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ ነበር። ከዚያ አጨበጨብን።

ዛሬ ያ ደንብ ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ ሁሉ ግድግዳ ላይ አለ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ስለ ሜዳሊያው ስንነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። እመጫቷ የሠራተኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆናለች፤ አሁንም ብዙ አታወራም፣ ሥራ አስኪያጆቹ ግን ዝምታዋን ይፈሩታል። እትዬ መቀስ ጡረታዋን አላገኘችም። ዓይኗ እስኪደክም ቤቷ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ልብስ ስትቆርጥ ኖራ ባለፈው ዓመት አረፈች። በቀብሯ ላይ ሦስት ፋብሪካ ሙሉ ሰው መጣ፣ ስለ ድፍረቷም ብዙ ተባለ። እኔ ሲናገሩ ቆሜ የማስበው ግን እጃችንን ያወጣንበትን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር።

ሄጄ እንድነግራት የላኩት እኔን ነው። በሯ ክፍት ነበር፤ አልጋዋ ላይ የጎረቤት መጋረጃ ዘርግታ ትቆርጣለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ታርጋው፣ ስለ ክፍሉ፣ በመጨረሻም ስለ እሷ። መቁረጧን አላቋረጠችም።

«ጥሩ ነው» አለች። «እሰይ። ስንት ሰው እጁን አወጣ?»

«ከእመጫቷ በቀር ሁላችንም።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

መቀሷን አስቀመጠች። እንደምትሳደብ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ብትሰድበኝም በወደድኩ። «ብትጠይቁኝ እኮ እሺ እላችሁ ነበር» አለች። «አንድ ሰው ልካችሁ ብትጠይቁኝ፣ እሺ ነበር የምላችሁ።»

ያልጠየቅናት እሺ እንደምትል እርግጠኛ ሆነን አይደለም። እምቢ ብትለን እጃችንን የምናወጣበት ዓይን ስለማይኖረን ነው።