ፈረስ ዱቄት አይበላም

ልጅ ሳለሁ ቃሊቲ ገጠር ነበረች። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሜዳ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር፤ ክረምት ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ በጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የግልገል እግር ይሰብራል። እናቴ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ስትልከኝ ሌሎች ልጆች ተራው ቶሎ እንዲደርሳቸው ይጸልያሉ፤ እኔ እንዲረዝም እጸልይ ነበር። ምክንያቴ እማማ ጫልቱ ነበሩ።

እማማ ጫልቱ የወፍጮ ቤቱን ወለል ይጠርጋሉ፤ ከሥራቸው ሲያርፉ ደጃፉ ላይ በኩበት ፍም በቆሎ ይጠብሳሉ። አመሻሽ ላይ ባለወፍጮው ፋኖሱን ሲሰቅል፣ ያኔ፣ ዱቄቱ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጉም እየተንሳፈፈ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ተራ ጠባቂ ልጆች ፍሙን ከበን እንቀመጥና አፍ አፋቸውን እናያለን። የጅብና የቀበሮ ተረት አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ታሪክ ብቻ ነበር፤ እሱንም በየቀኑ ቢነግሩን አይሰለቸንም።

ታሪኩ ከመንደራችን በላይ፣ ጉብታው ላይ ስላለው ሰፊ ቋጥኝ ነው። ቋጥኙ ላይ ሰባት ጉድጓዶች በተርታ አሉ። በድሮ ዘመን አንድ ንጉሥ ከነሠራዊቱ እዚያ ሰፈረ አሉ። ሠራዊት ደግሞ ይበላል። ከአካባቢው መንደሮች ሰባት ሴቶች ተይዘው መጡ፤ ቋጥኙ ላይ ተንበርክከው ፍጩ ተባሉ። ዓመት ዓመትን ሲተካ ድንጋዩ ከእጃቸው ሥር ጎደጎደ። ንጉሡ ሄደ፤ ጉድጓዱ ቀረ። እማማ ጫልቱ ይህን ብለው ሲያበቁ የሴቶቹን ስም እየጠሩ ያስደግሙናል፦ ሎሚ፣ ዲንቂ፣ በሹ፣ አያንቱ፣ ብርቄ፣ መርጊቱ። ሰባተኛዋ የገዛ አያታቸው ነበረች፤ እሷ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ስም የሳተ ልጅ በቆሎ አያገኝም። እኔ ስቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የውጭ አገር ጎብኚዎች በላንድሮቨር መጡ። አስተማሪያችን እያስተረጎመ ጉብታው ላይ አወጣቸው፤ እኛም ተከትለን ወጣን። አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን በጣቷ ዳሰሰችና ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። አስተማሪው እኔን አየ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ለእነዚያ ንጹሕ ጫማ ለተጫሙ ሰዎች «ሴቶች የፈጩበት ነው» ማለት አሳፈረኝ። የእኛ ድንጋይ ከዚያ የበለጠ እንዲሆን ፈለግሁ።

«የንጉሡ ፈረስ የረገጠው ነው» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ሴትዮዋ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ አስተማሪው የተናገርኩትን በደብተሩ ጻፈ። ማታ ወፍጮ ቤት ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። እማማ ጫልቱ አልተቆጡም። እሸቱን ፍሙ ላይ እያገላበጡ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ነይ እስኪ ልጄ፣ ፈረስ ዱቄት ይበላል እንዴ?» አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ስሞቹን መጥራት ጀመሩ፤ ስድስቱን ጠርተው ዝም አሉ። ሰባተኛዋን እኔ እንድጠራት እየጠበቁ ነበር። አልጠራሁም። የበቆሎው ፍሬ እሳቱ ላይ ሲፈነዳ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ወፍጮ ቤት ታናሽ እህቴን አስላክሁ፤ በቀጣዩ በጋ እማማ ጫልቱ ሞቱ።

ኋላ አገር ጥዬ ሄድኩ። በሰው አገር ሙዚየም ውስጥ የጎብኚ ካፖርት እየተቀበልኩ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ አረጀሁ። እዚያ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ሰው ዕቃውን ከሚያይበት ጊዜ ይልቅ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ የሚያነብበት ይረዝማል። አንብቦ ሲጨርስም ያየ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ተመልሼ እህቴ ቤት አረፍኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ከቱሪዝም ቢሮ የተላከ ቢኒያም የሚባል ወጣት በሩን አንኳኳ። ጉብታው ሊከለል ነው፤ ለጎብኚ ጎጆ፣ መኪና ማቆሚያ፣ የሰፈሩ ልጆች የሚሠሩበት ሱቅ ይሠራበታል። የቀረው አንድ የነባር ነዋሪ ምስክርነት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። «የአካባቢው አባቶች እንደሚናገሩት ጉድጓዶቹ የንጉሡ ፈረስ የኮቴ ምልክቶች ናቸው» ይላል። አባቶች የተባልኩት እኔ ነኝ። ባለ ሰማያዊ እስክሪብቶዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

አልፈርምም አልኩት።

«እማማ፣ ጉብታው ላይ የሚተከለው ሰሌዳ እኮ ተጽፎ አልቋል» አለኝ።

«ቀለም መች ጠፋ? በላዩ ላይ ቀባበት።»

«እሺ እውነቱ እርስዎ እንዳሉት ይሁን። ግን እማማ፣ ማን ወፍጮ ሊያይ ከሳሪስ ድረስ ይመጣል? ሰው ንጉሥ ነው የሚወደው።»

«ንጉሡም ዱቄት ነበር የሚወደው» አልኩና ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ቢኒያም ተከተለኝ። ከእህቴ ጓዳ አንድ እፍኝ ስንዴ በመሀረብ ቋጥሬ ነበር።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ ነበር፤ ግን ተንበረከክሁ። ስንዴውን መጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ በትኜ፣ ከአጠገቡ የተገኘ ድንጋይ በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁ፣ ሳብሁ። ክንዴ የሚደርስበትና ጉድጓዱ የሚያልቅበት አንድ ነው። ቢኒያም ቆሞ አየኝ። ቀስ ብሎ እሱም ተንበረከከ፤ የተሰበረውን ስንዴ በጣቱ አንስቶ ቀመሰ።

«ፈረስ እንዲህ አድርጎ ይረግጣል?» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። እስክሪብቶውን አወጣና «ስማቸውን ይንገሩኝ» አለኝ።

ሎሚ፣ ዲንቂ፣ በሹ፣ አያንቱ፣ ብርቄ፣ መርጊቱ።

ሰባተኛዋ ጠፋችብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ፋኖሱ መጣ፣ ጭሱ መጣ፣ የእማማ ጫልቱ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ ስሙ አልመጣም። በሰው አገር ስንት የንጉሥ ዝርዝር በቃሌ ይዣለሁ። የአንዲት ፈጪ ሴት ስም አላስቀረሁም።

ቢኒያም አዘነልኝ መሰለኝ። «ታዲያ የእርስዎን ስም ለምን አናስገባም? እዚሁ ተወልደው…»

«እኔ እዚህ የፈጨሁት ውሸት ብቻ ነው። ስድስቱን ጻፍ፤ የሰባተኛዋን ቦታ ክፍት ተው።»

«ክፍት ቦታ ያለው ሰሌዳ አይቀበሉኝም እማማ። ሥራውን የሚጠብቁ ልጆች አሉ።»

«ስድስት ስምና አንድ ክፍት ቦታ ይዘህ ስትመጣ በዚያው ቀን እፈርማለሁ። ፈረስ ይዘህ ከመጣህ ግን በሩን አታንኳኳ።»

ወረቀቱ ሳይፈረም የእህቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እህቴ «ግትር አሮጊት፣ ለሰፈሩ ልጅ እንጀራ ዘጋሽበት» ትለኛለች፤ እውነት አላት፣ ያም ያመኛል። ቢሆንም አንዴ ለጭብጨባ ብዬ ሰባት ሴቶች በፈረስ አስረግጫለሁ፤ ሁለተኛ በፊርማዬ አላስረግጥም። ሲመሽ ደጃፉ ላይ እቀመጥና ስድስቱን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ፣ ያኔ እማማ ጫልቱ እንዳደረጉት፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።