ፍየል ናት ሚዳቋ?

ደርግ በወደቀ ሰሞን መካኒሳ አቦ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ እሁድ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ግቢያቸው አስጠሩኝ። ሹፌሩ አማቻቸው ከአዋሽ ያመጣላቸውን እንስሳ ባህር ዛፍ ላይ አስረው ጠበቁኝ።

«ሚዳቋ ናት ብሎኛል። አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ አጣራልኝ።»

ሚዳቋ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ መጽሐፉን ግን በቃሌ ነው የምወጣው። ሳርና ቅጠል እንደምትበላ፣ እንደምታመሰኳ፣ ከበሬና ከፍየል ወገን እንደምትመደብ አስረዳኋቸው። እንስሳዋ የድንች ልጣጭ እያላመጠች ታየናለች።

«ታዲያ ከፍየል በምን ትለያለች?»

«በሩጫ ነዋ! ሚዳቋ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ይቺ ግን ፍየል ናት፤ ካላመኑኝ ይፍቷትና ይዩ» አልኳቸው።

ፈቷት።

አጥሩን ዘላ ወደ ለቡ ስትሸመጥጥ አቧራዋን ብቻ አየን። ጋሽ ታደሰ ገመዱን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማንያ ነው ያልከኝ?»