እጃቸውን ያቆላለፉት ጋሼ

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በጉልበቴ ሆኜ ነው፤ ከኋላ ገፍትረውኝ ወድቄ። ቀና ስል ብዙ የሴት እግር፣ አንድ ባልዲ፣ ከፍ ብላ አንዲት ትንሽ መስኮት። የተያዝነው አንድ ሰው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ፋይሌ ላይ "ፀረ አብዮት" ተብሎ ተጻፈ።

መስኮቷ ሥር አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ለአንዷ እስረኛ ከቤት የመጣ በሶ የተጠቀለለበት የራሺያ መጽሔት ገጽ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሱቁ ሁሉ በዚያ ወረቀት ይጠቀልል ነበር። ያጣበቁት በታኘከ ዳቦ ነው። ጺማም ሰውዬ፣ ሰፊ ካፖርት ለብሶ፣ ጎኑን ሰጥቶ ተቀምጧል። ጀርባው ጨለማ ነው። ጣቶቹን አቆላልፎ ጉልበቱን ይዟል። ዓይኑ እኛን አያይም።

የክፍሉ ትልቅ ሰው እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። የታሰሩት "ልጅሽን አምጪ" ተብለው ነው። ለምርመራ ሲጠሩ ሥዕሉን ተሳልመው ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ተሳልመው ይተኛሉ።

"ማን ናቸው?" አልኳቸው።

"ጻድቅ ናቸዋ። ጺማቸውን አታዪም?"

"አክሊል የላቸውም እኮ። ካፖርት የለበሰ ጻድቅ ደግሞ የት አለ?"

"ብርድ አገር ይሆናላ! አንቺ ጴንጤ፣ ዝም በይ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ።

አንድ ጠዋት ፍተሻ መጣ። የጥበቃው አለቃ ሥዕሉ ፊት ቆመ።

"ቤተ ክርስቲያን ከፈታችሁ እንዴ? ማነው ለዚህ የሚሳለመው?"

የሃይማኖት ሥዕል የተገኘበት ጨለማ ክፍል ይገባል። እትዬ ደግሞ በዚያ ሳምንት ውስጥ እግራቸው ተገርፎ መቆም አቅቷቸዋል። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ፤ ሊመልሱለት ነው። ጻድቅ የሚክዱ ሴት አይደሉም።

ቀደምኳቸው። "ጓድ፣ ራሺያዊ ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ከሥር የቀረውን ፊደል ይዩት። ምሁር ነው። ካፖርቱ አሮጌ፣ ጣቱ ቀጭን፤ ሲያስብ የሚውል ሰው። ወዳጅ አገር እንዲህ ያለውን ያከብራል። ከፈለጉ ይቅደዱት።"

ፊደሉን አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ ቀርቦ አየው። እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ተመለሰ።

"በደንብ ለጥፉት፤ ጥጉ ተነስቷል" ብሎ ወጣ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ሲሳለሙት የከረሙት የአሳሪዎቻቸው ወዳጅ አገር ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ያንን ደግሞ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ተጠሩ። "ከነዕቃሽ" ተባሉ። ከነዕቃ መጠራት መፈታትም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ሥዕሉ ሄዱ። አልተሳለሙም። እጁን ብቻ ሲያዩ ቆዩ።

"ይሄ ከምርመራ የተመለሰ ሰው ነው" አሉ። "እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው የያዘው። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።"

"ፍጠኚ!" አለ ጥበቃው ከበር።

"ቆይ፣ ሰው እየተሰናበትኩ ነው።"

ጎንበስ አሉ፤ ለጎረቤት እንደሚባለው፣ "ደህና ይዋሉ ጋሼ" አሉ። እኔን ጉንጬን ነካ አድርገውኝ፣ እያነከሱ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ ጋሼ" ማለት ልማዳችን ሆነ። ለሥዕል የማልሰግደው እኔም እል ነበር።

እትዬ የት እንደደረሱ አላውቅም። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪም ጠይቄ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ባለፈው ቅዳሜ ራንድል ሰፈር፣ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ጓደኛዬ ጃኬት ስትለካ ቆሜ መጠበቅ ሰለቸኝና አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ገለጥኩ። ጋሼ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን እንዳቆላለፉ። ከጎናቸው ረጅም ማብራሪያ አለ። አላነበብኩትም።

"ነይ እንጂ፣ ከሥራ ሺፍቴ ልታስረፍጂኝ ነው" አለች ጓደኛዬ። በትከሻዬ አጮልቃ አየች። "ማነው? ታውቂዋለሽ?"

"አብረን ታስረናል።"

"ሂጂ፣ ቀልደኛ!"

መጽሐፉን አልዘጋሁትም። እንደተገለጠ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት፤ "ደህና ይዋሉ" ብዬ ተከተልኳት።