ፍሬን የረገጠው እግር

ጌቾና ደምመላሽ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ወደብ ተሳቢዎቻቸውን አስከትለው ለዓመታት ነድተዋል። በ2003 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቁልቁለት ላይ ከፊታቸው የነበረ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ተገልብጦ ተቃጠለ። ደምመላሽ ፍሬኑን ረግጦ ለጥቂት ተረፈ፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነካችውም። ጅቡቲ ደርሶ ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ አድሮ ጠዋት ከጋቢናው ሊወርድ ሲል ግን ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው።

ራጅ ተነሣ፣ ነርቩ ታየ፤ የተጎዳ ነገር የለም። ሐኪሙ እዚያው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ወዳለች አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ላከው። እዚያ የምትሠራው ሒክማ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ታስረዳዋለች። አሠራሯን ያየ ይገረማል። እግርህን አንሣ አትለውም። ኳስ ታንከባልልለታለች፣ ስለ መንገዱ ታስወራዋለች፣ ዘፈን ከፍታ ምቱን በእግሩ እንዲጠብቅ ታደርገዋለች። ለምን ቢሉ፣ በዚህ ሕመም እግሩ ጤነኛ ነው፤ ከአእምሮ የሚወርደው ትእዛዝ ነው መንገድ ላይ የሚታገተው። ሰውየው ባተኮረበት ቁጥር ይብስበታል፤ ሐሳቡ ሌላ ጋ ሲሄድ ግን እንቅስቃሴው ሾልኮ ይወጣል። ሕክምናው ያቺን የሾለከች እንቅስቃሴ ይዞ፣ ለባለቤቱ አሳይቶ፣ ቀስ በቀስ ማሳደግ ነው። ደምመላሽም ጣቶቹን ማነቃነቅ ጀምሮ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ሾፌሮች የመንዳት ናፍቆቱን እንዲወጣ ብለው ተሸክመው የጌቾ መኪና ላይ፣ መሪው ፊት አስቀመጡት። መኪናው ቆሟል። ደምመላሽ ወሬ ይዞ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠው ጌቾ ለቀልድ ብሎ ድንገት ጮኸበት።

«ፍሬን ያዝ!»

እግሩ ተነሥቶ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠ።

ሁሉም ሳቁ። «አንተ እኮ የፊልም ሰው ነህ፣ ደሜ» አለው ጌቾ። «እኛ እንሸከማለን፣ አንተ ታርፋለህ።»

ደምመላሽ እግሩን እያየ ቀረ። ክሊኒኩን ሳይሰናበት በማግስቱ በሌላ ሰው መኪና አዳማ ገባ።

ጌቾ ከእንግዲህ እንዳትጠብቀው ሊነግራት ሒክማ ጋ ሄደ። ነገሩን እየሳቀ አወራላት። እሷ አልሳቀችም። እግሩ እንዴት እንደረገጠ ደጋግማ ጠየቀችው።

«እኔ ስለፋ የከረምኩት እዚያ ለማድረስ ነበር» አለችው። «ያን ዕለት ይዛችሁት ብትመጡ፣ ይኸው እግርህ አለ እለው ነበር። እናንተ ዋሸህ አላችሁት።»

ጌቾ በሚቀጥለው ጉዞው አዳማ እንደደረሰ ቀጥታ ደምመላሽ ቤት ሄደ። ሚስቱ አፀደ በሩን ከፍታ አስገባችውና ወደ ጓዳ ገባች። ደምመላሽ ወንበር ላይ ነበር፤ ምርኩዙ አጠገቡ ቆሟል። ጌቾ ሒክማ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ ራሱ ጭኖ ሊመልሰውም ለመነው።

ደምመላሽ ጓዳውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተን ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እግሬ አንዳንዴ ሳላስበው ይንቀሳቀሳል። ያኔ ቶሎ ብዬ በእጄ እይዘዋለሁ። አፀደ አይታ እንደናንተ ዋሸህ እንዳትለኝ።»

እጁ ያኔም ጉልበቱን ጨምድዶ ይዞት ነበር። ጌቾ ልቀቀው ሊለው ፈለገ። የፊልም ሰው ካለው አፍ የወጣውን ደምመላሽ እንዴት ብሎ እንደሚያምነው ግን ጨነቀው።